የ2018 የሌንስተር ክለቦች ሻምፒዮና እና የሙሊናላክታ ገድል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2018 በአየርላንድ የጌሊክ ፉትቦል የሌንስተር ክፍለ ሀገር ፍጻሜ ላይ ሙሊናላክታ የሚባል ትንሽ የገጠር ክለብ የደብሊኑን ትልቅ ክለብ ኪልማኩድ ክሮክስን 1-8 ለ 0-10 አሸነፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለጨዋታው አዲስ ከሆኑ ከላይ ይጀምሩ፣ የሚያውቁት ከሆነ ወደ ታች ይውረዱ።

ጌሊክ ፉትቦል ምንድን ነው? ከምናውቀው ኳስ በምን ይለያል?

የአየርላንዶች አገር በቀል ኳስ ነው። በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ኳሷ ክብ ናት፣ ከምናውቃት ትንሽ ከበድ ትላለች። በእጅም በእግርም ይጫወቷታል። ሜዳው ደግሞ ሰፊ ነው፤ ርዝመቱ እስከ 145 ሜትር፣ ስፋቱ እስከ 90 ሜትር ይደርሳል። የክለብ ጨዋታ 60 ደቂቃ ነው፣ ሠላሳ ሠላሳ።

ኳስ የያዘ ሰው ከአራት እርምጃ በላይ ዝም ብሎ መሮጥ አይችልም። ወይ መሬት ላይ ያነጥራታል፣ ወይ በእግሩ ጫፍ ነካ አድርጎ ወደ እጁ ይመልሳታል። ሁለት ጊዜ አከታትሎ ማንጠር ክልክል ነው። ለጓደኛው በእጅ ማቀበል ይችላል፤ መወርወር ግን አይፈቀድም፣ በቡጢ ወይም በመዳፍ መታ አድርጎ ነው። በትከሻ መገፋፋት የጨዋታው አካል ነው። ኦፍሳይድ ብሎ ነገር የለም። ፕሪሚየር ሊግ እያየ በቫር ስንት ጎል የተሰረዘበት ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

"1-8 ለ 0-10" የሚለው ውጤት እንዴት ነው የሚነበበው?

አዲስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሳይፈታ ደግሞ የ2018 ታሪክ አይገባም።

የጎሉ ቅርጽ ከራግቢ ጎል ጋር ይመሳሰላል። ሁለቱ ቋሚዎች ረጅም ናቸው፣ መሐል ላይ አግዳሚ አለ፣ ከአግዳሚው በታች መረብና ግብ ጠባቂ አለ። በ2018 ሕግ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መሐል ካለፈች አንድ ነጥብ ናት (ከ2025 ወዲህ ያለው ለውጥ ከታች አለ)። መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ናት፣ ጎል ደግሞ ሦስት ነጥብ ይቆጠራል። ውጤት ሲጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ጎል ነው፣ ሁለተኛው ነጥብ። ስለዚህ 1-8 ማለት አንድ ጎልና ስምንት ነጥብ፣ በድምሩ 11 ነው። 0-10 ማለት ጎል የለም፣ አሥር ነጥብ ብቻ፣ በድምሩ 10።

የጎል ዳኞች ጎሉ አጠገብ ነጭ ካፖርት ለብሰው ይቆማሉ። ነጥብ ሲሆን ነጭ ባንዲራ ያነሳሉ፣ ጎል ሲሆን አረንጓዴ። ቋንቋውን ባትሰሙ እንኳ ባንዲራውን ተከትላችሁ ጨዋታውን ማየት ትችላላችሁ።

ጨዋታውን የሚመራው ማነው? ተጫዋቾቹስ ስንት ይከፈላቸዋል?

የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ነው፣ በአጭሩ ጂኤኤ ይሉታል። በ1884 ዓ.ም. ሴርልስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ውስጥ ተመሠረተ። አየርላንድ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች የአገሩን ጨዋታ ከመጥፋት ማዳን የፖለቲካም ጉዳይ ነበር።

ደመወዝ የለም። ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ በሚይዘው ክሮክ ፓርክ የሚጫወተው ኮከብ ሰኞ ጠዋት ሥራው ላይ ነው። አስተማሪ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ገበሬ አለ፣ ተማሪ አለ። ይህ ብዙ ሰው አይዋጥለትም፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ክለብና ካውንቲ ምንና ምን ናቸው?

አየርላንድ በአራት ክፍለ ሀገራት ትከፈላለች፦ ሌንስተር፣ መንስተር፣ አልስተርና ኮናክት። በአራቱ ውስጥ በድምሩ 32 ካውንቲዎች አሉ። እያንዳንዱ ካውንቲ ደግሞ ብዙ ክለቦች አሉት። ክለቡ በአብዛኛው የአንድ አጥቢያ ነው፤ ማለትም በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ሰፈር ወይም ገጠር።

አንድ ተጫዋች መጀመሪያ የክለቡ ልጅ ነው። ጎበዝ ከሆነ ለካውንቲው ይመረጣል፣ ልክ ለብሔራዊ ቡድን እንደሚመረጥ። ግን ክለቡን አይተውም። ለካውንቲው በቴሌቪዥን የታየው ልጅ በሌላ ሳምንት ከአጎቱ ልጅና ከጎረቤቱ ጋር በአጥቢያው ሜዳ ይጫወታል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ክለቦቹ ናቸው።

ክለቦች ተጫዋች መግዛት ይችላሉ?

አይችሉም። ገንዘብ የሚከፈልበት ዝውውር የለም። ያደግህበት ወይም የምትኖርበት አጥቢያ ክለብህ ነው። ቀይረህ ስትኖር ልትቀይር ትችል ይሆናል፣ ግን በፈቃድና በወረቀት ነው፣ በሰዉም ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ከገጠር ወጥተው ደብሊን ቢሠሩም ለልምምድና ለጨዋታ ወደ ትውልድ አጥቢያቸው ይመላለሳሉ።

ስለዚህ ትንሽ አጥቢያ ያለው በዚያ የተወለደው ልጅ ብቻ ነው። ግብ ጠባቂ ካልተወለደ ግብ ጠባቂ የለም። ትልቅ የከተማ ክለብ ግን ሰፈሩ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ስላሉት በየዓመቱ ከብዙ ልጆች ይመርጣል። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሕዝቡ ቁጥር ግን አንድ አይደለም።

የክፍለ ሀገር የክለቦች ሻምፒዮና እንዴት ይካሄዳል?

መጀመሪያ በየካውንቲው ክለቦች ይጫወታሉ። የካውንቲው አሸናፊ ክፍለ ሀገሩ ውስጥ ከሌሎቹ የካውንቲ አሸናፊዎች ጋር ይገጥማል። ጥሎ ማለፍ ነው፤ የመልስ ጨዋታ የለም፣ የነጥብ ሠንጠረዥ የለም። አንድ ቀን ከተሸነፍክ ዓመቱ አለቀ።

ሌንስተር 12 ካውንቲዎች አሏት፦ ደብሊን፣ ሚዝ፣ ኪልዴር፣ ላውዝ፣ ሎንግፎርድ፣ ዌስትሚዝ፣ ኦፋሊ፣ ሊሽ፣ ካርሎ፣ ዊክሎ፣ ዌክስፎርድና ኪልኬኒ። ኪልኬኒ ልባቸው ሁሉ በዱላ በሚጫወቱት ሀርሊንግ ላይ ስለሆነ በዋናው የፉትቦል ውድድር አይታዩም። የሌንስተር አሸናፊ የሾን ማኬብ ዋንጫን ይወስዳል፣ ከዚያም ከሌሎቹ ሦስት ክፍለ ሀገራት አሸናፊዎች ጋር ለመላ አየርላንድ ዋንጫ ይገጥማል። የመላ አየርላንዱ ውድድር የተጀመረው በ1970/71 ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ደብሊን አንድ ክለብ ብቻ ትልካለች። ከ46 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላት ሎንግፎርድም አንድ ክለብ ትልካለች። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለምን በክረምት ይጫወታሉ?

ክለቦቹ ተራቸው እስኪደርስ ስለሚጠብቁ ነው። በ2018 በጋው የካውንቲ ቡድኖች ነበር። የካውንቲ ክለቦች ፍጻሜ መከር ላይ ደረሰ፣ የክፍለ ሀገሩ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥን ያዘ። በአየርላንድ ታኅሣሥ ማለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጨለም ነው። ሜዳው ይረጥባል፣ ኳሷ ትከብዳለች፣ ከሩቅ የተመታችው ታጥራለች። ውጤቶቹ ትንንሽ የሚሆኑትም በከፊል ለዚህ ነው።

ለትንሽ ቡድን ይህ ክፉ ዜና አይደለም። ጭቃ ፈጣኑን ልጅ ያዘገየዋል። እኔ እንደውም የክለብ ኳስ በጭቃ ካልሆነ አይጥመኝም፤ ይህ ግን የጣዕም ጉዳይ ነው።

ሙሊናላክታ የት ነው? "ግማሽ አጥቢያ" የሚሉትስ ለምንድን ነው?

ሙሊናላክታ በሰሜን ሎንግፎርድ፣ በጋውና ሐይቅ አጠገብ ያለች ገጠር ናት። ከተማ አይደለችም። የነዋሪው ቁጥር ከ400 ብዙም አይዘልም። ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ ነው ይህ።

"ግማሽ" የተባለችው የካውንቲ ድንበር አጥቢያዋን ለሁለት ስለሚከፍላት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አንድ አጥቢያ ይቆጥራቸዋል። ነገር ግን የሙሊናላክታ ወገን ሎንግፎርድ ውስጥ ነው፣ የጋውና ወገን ደግሞ ካቫን ውስጥ። ሎንግፎርድ ሌንስተር ናት፣ ካቫን አልስተር። ጎረቤታሞች አብረው ያስቀድሳሉ፣ ኳስ ሲሆን ግን በተለያየ ክፍለ ሀገር ይጫወታሉ። ክለቡም ሙሉ አጥቢያ እንኳ የለውም፤ ያለው በግማሹ ላይ የተወለደው ወጣት ነው።

ክለቡ ሙሉ ስሙ ሙሊናላክታ ሴንት ኮሉምባስ ነው።

ኪልማኩድ ክሮክስስ እነማን ናቸው?

የደቡብ ደብሊን ክለብ ናቸው፣ ስቲሎርገን አካባቢ። በሺዎች የሚቆጠር አባል አላቸው፤ ከአገሪቱ ትልልቅ ክለቦች አንዱ ነው። ማሊያቸው ወይን ጠጅና ቢጫ ነው። ከ2018 በፊት ሌንስተርን አራት ጊዜ አሸንፈዋል፣ በ1994፣ በ2005፣ በ2008 እና በ2010። የመላ አየርላንድ ዋንጫንም በ1995 እና በ2009 አንስተዋል።

በ2018 ከነበሩት ተጫዋቾቻቸው አንዱ ፖል ማኒየን ነው። የደብሊን ካውንቲ ቡድን በዚያው ዓመት ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ የመላ አየርላንድ ሻምፒዮን ሲሆን ከፊት መስመሩ ዋነኞች መሐል ነበር። በዚያን ጊዜ ከአየርላንድ ምርጥ አጥቂዎች ስም ሲጠራ ስሙ ይጠራ ነበር። እሱን ለመያዝ የተመደበው ተከላካይ ከጥቂት መቶ ሰዎች መሐል የወጣ ልጅ ነው።

ሙሊናላክታ እዚህ ድረስ እንዴት መጡ? ድንገት ነው?

ድንገት አይደለም። ይህን ብዙ ጸሐፊ ይዘለዋል፣ ምክንያቱም "ተአምር" ብሎ መጻፍ ይቀላል።

ክለቡ ከ1950 በኋላ የሎንግፎርድን ዋንጫ አላየም ነበር። 66 ዓመት ቆይቶ በ2016 አነሳው። በ2017 ደገመው፣ በ2018 ሠለሰው። ስለዚህ በ2018 ሌንስተር ላይ ሲቀርቡ ሦስተኛ ተከታታይ ዓመታቸው ነው። የመጀመሪያው ዓመት የሚጠፋው በመደነቅ ነው፤ ትልቁ ሜዳ፣ ካሜራው፣ የማታውቀው ተጋጣሚ። በሦስተኛው ዓመት ያው ቡድን፣ ያው ሰዎች፣ ያው ልምድ ነው። ትንሽ ክለብ ለአንድ ትውልድ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስብስብ ያገኛል። ሙሊናላክታ ያገኙትን አላባከኑም።

አሰልጣኙ ማን ነበር?

ሚኪ ግራሃም። እሱ ራሱ የካቫን ሰው ነው። በተጫዋችነት ዘመኑ በ1997 ከካቫን ጋር የአልስተር ሻምፒዮን ሆኗል። ሙሊናላክታን ይዞ ሦስቱንም የሎንግፎርድ ዋንጫዎች አሸነፈ። በ2018 መከር ላይ የካቫን ካውንቲ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ ተሾመ፤ የሌንስተርን ፍጻሜ ያደረገው ሁለቱንም ኃላፊነት ተሸክሞ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2020፣ ካቫንን የአልስተር ሻምፒዮን አደረገ። ተጋጣሚያቸው ዶኒጎል ነበር፣ ካቫን እንደሚያሸንፍ የገመተ ጥቂት ነው። ካቫን አልስተርን ካሸነፈች ደግሞ 1997 ነበር፤ ራሱ ግራሃም የተጫወተበት። አንድ ጊዜ ዕድል ሊባል ይችላል። ሁለት ጊዜ ሲሆን ግን ሰውየው ሥራውን ያውቀዋል ማለት ነው።

የፍጻሜው ቀን ምን ሆነ?

እሑድ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 30 ቀን 2011። ቦታው በኦፋሊ ካውንቲ፣ ቱላሞር ከተማ፣ ኦኮነር ፓርክ፤ ለሁለቱም ገለልተኛ ሜዳ። የሙሊናላክታ አምበል ሼን ማሊጋን ነበር።

ጨዋታው የነጥብ ጨዋታ ነበር። ሁለቱም ወገን በነጠላ ነጥብ ይለቅማል፣ ጎል የለም። ክሮክስ ብዙ ነጥብ አገባ፣ እንደተጠበቀው ሲመሩም ቆዩ። ግን ርቀው አልሄዱም። ሙሊናላክታዎች መሐሉን ዘጉ፣ ኳሷን በቀላሉ አልሰጡም፣ ከአጠገባቸው አልጠፉም። ሜዳ ላይ ያለ የደብሊን ሻምፒዮን ተጋጣሚው ካልሰነጠቀለት መቸኮል ይጀምራል።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሙሊናላክታ ፍፁም ቅጣት ምት አገኙ። ጋሪ ሮጀርስ ቀረበ። እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት። ፍፁም ቅጣት ምት በጌሊክ ፉትቦል ሦስት ነጥብ ነው። ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ልኮ አንድ አስተማማኝ ነጥብ መውሰድም ይችላል። ሰዓቱ ግን እያለቀ ነበር። ሮጀርስ መረብ ውስጥ ከተታት። አረንጓዴው ባንዲራ ወጣ።

ሲያልቅ ሙሊናላክታ 1-8፣ ኪልማኩድ ክሮክስ 0-10። አሥራ አንድ ለአሥር።

ቆይ፣ ክሮክስ ብዙ ጊዜ አግብቶ እንዴት ተሸነፈ?

አሥር ጊዜ አገቡ፣ ሙሊናላክታ ዘጠኝ ጊዜ። የጎሏ ዋጋ ነው ልዩነቱ። ያቺን ጎል ከሒሳቡ ብታወጧት ስምንት ለአሥር ይሆናል፣ ክሮክስ ዋንጫውን ይዞ ወደ ደብሊን ይሄዳል።

ይህ ሲባል ግን ወደ ሌላኛው ወገንም ተመልከቱ። ክሮክስ በ60 ደቂቃ ውስጥ አንድም ጎል አላገቡም። እንደ ማኒየን ያለ አጥቂ ይዘው። ስለ ፍፁም ቅጣት ምቱ ሁሉም ያወራል፣ ስለ ዜሮው የሚያወራ የለም። እኔን የሚያስገርመኝ ዜሮው ነው።

ይህን ያህል የተወራለት ለምንድን ነው?

ከዚያ በፊት ሌንስተርን ያሸነፈ አንድም የሎንግፎርድ ክለብ አልነበረም። ካውንቲው በጠቅላላው ዋንጫ የሚያውቅ አይደለም። የሎንግፎርድ ካውንቲ ቡድን ሌንስተርን ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በ1968። እንዲህ ባለ ካውንቲ ውስጥ፣ የአጥቢያ ግማሽ የሆነ ክለብ የደብሊንን ሻምፒዮን ጣለ።

በአየርላንድ ገጠር አሸናፊ ቡድን ሲመለስ በየመንገዱ ዳር እሳት የማንደድ ልማድ አለ። ቡድኑ አውራ ጎዳናውን ለቆ ወደ አጥቢያው ሲገባ በጨለማው ውስጥ ከርቀት ይታያል፤ ያላየ ሰው የመስቀልን ደመራ ያስብ። ትራክተር ይወጣል፣ ሕፃን አይተኛም። ዋንጫው ከቤት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራል። ባለደመወዝ ክለብ ይህን ማግኘት አይችልም፣ ምክንያቱም የሚቀበሉት ደጋፊዎች ናቸው። እዚህ የሚቀበሉት እናቶች ናቸው።

ከዚያስ? የመላ አየርላንድን ዋንጫ አነሱ?

አላነሱም። በየካቲት 2019 በግማሽ ፍጻሜው በሴርልስ ሜዳ ከኪላርኒው ዶክተር ክሮክስ ጋር ገጠሙ። ዶክተር ክሮክስ የኬሪ ካውንቲ ክለብ ነው፤ ከኪልማኩዶቹ ጋር የስም ዝምድና እንጂ ሌላ ግንኙነት የላቸውም። ሁለቱም የተሰየሙት ለማኅበሩ የመጀመሪያ የበላይ ጠባቂ ለሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክሮክ መታሰቢያ ነው፣ ክሮክ ፓርክም እንደዚሁ።

ሙሊናላክታ እዚያ ቆሙ። ዶክተር ክሮክስ ደግሞ በፍጻሜው በጎልዌዩ ኮረፊን 2-10 ለ 0-4 ተደቆሱ። ኮረፊን ያኔ ለብቻው ነበር የሚጫወተው ማለት ይቻላል፤ በ2018፣ በ2019 እና በ2020 አከታትሎ አሸንፏል።

አንዳንዱ ጋ "2018"፣ ሌላው ጋ "2018/19" ተብሎ ይጻፋል። የትኛው ነው ትክክል?

ሁለቱም። የክፍለ ሀገሩ ውድድር በ2018 መጨረሻ አለቀ። የመላ አየርላንዱ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ወደ 2019 ዘለቀ። የፍጻሜው ቀን ለረጅም ጊዜ መጋቢት 17፣ የቅዱስ ፓትሪክ ዕለት ነበር። ከ2020 ጀምሮ ወደ ጥር መጣ፣ በ2022 ብቻ የካቲት ላይ ሆነ። ስለዚህ በድሮው አሠራር ሌንስተርን ያሸነፈ ክለብ ከገና በፊት ጀምሮ እስከ የካቲት ያለ ውድድር ልምምድ ሲሠራ ይከርማል። ለትንሽ ክለብ ይህ ከባድ ነው፤ የጋለው ብረት ይቀዘቅዛል።

ኪልማኩድ ክሮክስስ በዚያው ጠፉ?

ጭራሽ። በ2021፣ በ2022 እና በ2023 ሌንስተርን አከታትለው አሸነፉ። በየካቲት 2022 የመላ አየርላንድ ፍጻሜ ግን በዳውኑ ኪልኩ በጭማሪ ሰዓት ተሸነፉ፤ ያችም በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች በገባች ጎል። እነዚህ ሰዎች ዘግይታ የምትገባ ጎል አትለቃቸውም።

በጥር 2023 የዴሪውን ግሌን አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። እሱም ያለ ጣጣ አላለፈም። በመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ክሮክስ ሜዳ ላይ ከ15 በላይ ሰው ነበራቸው፣ ተቀያሪ ሲገባ የሚወጣው ቶሎ አልወጣም። ግሌን አቤቱታ አቀረበ፣ ጨዋታው እንዲደገም ተወሰነ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ ግሌን ራሱ ክሱን ተወ። ዋንጫው ከክሮክስ ጋር ቀረ። በዓመቱ ግን ግሌን የራሱን የመላ አየርላንድ ዋንጫ አነሳ።

በእውነት ግን የሙሊናላክታ ድል ዕድል አይደለም?

በአንድ ነጥብ ያለቀ ጨዋታ ውስጥ ዕድል የለም የሚል ሰው ኳስ አያውቅም። ጥያቄው ዕድሉ ሲመጣ የት ቆመህ አገኘህ ነው። እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ድረስ በስድስት ነጥብ የሚመራ ቡድን በአንድ ፍፁም ቅጣት ምት አይወድቅም። ክሮክስ ያን ያህል እንዳይርቁ ያደረጋቸው የሙሊናላክታ መከላከል ነው።

ሁለተኛው ነገር የውድድሩ አሠራር ነው። ሁለቱ ክለቦች አሥር ጊዜ ቢገናኙ ክሮክስ አብዛኛውን ያሸንፋሉ ብዬ አምናለሁ። የሊግ ውድድር ቢሆን ሙሊናላክታ አጠገባቸው አይደርስም። ነገር ግን የሚገናኙት አንድ ጊዜ ነው፣ በታኅሣሥ፣ በገለልተኛ ሜዳ፣ ለአንድ ሰዓት። ውድድሩን የቀረጹት ሰዎች ለትንሹ በር ክፍት ትተዋል። በዚያ በር የሚገባ ግን ብዙ የለም፤ ከ2019 እስከ 2024 በተካሄዱት ውድድሮች ሌንስተርን ያሸነፉት በሙሉ የደብሊን ክለቦች ናቸው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ውድድሩ አልተካሄደም።

በአሁኑ ሕግ ቢጫወቱ ውጤቱ ይቀየር ነበር?

ከ2025 ጀምሮ ሕጉ በብዙ ተለውጧል። ዋናው ለውጥ ከጎሉ 40 ሜትር ርቀት ላይ ቅስት መሰመሩ ነው። ከቅስቱ ውጭ ሆኖ ከአግዳሚው በላይ የላካት ተጫዋች አንድ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ያገኛል፣ የጎል ዳኛውም ብርቱካናማ ባንዲራ ያነሳል። ጎል ሦስት ሆኖ ቀርቷል። ሌላው ለውጥ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሦስት ሰው በተጋጣሚው አጋማሽ መተው አለበት የሚለው ነው። 15 ሰው ሰብስቦ ጎል ፊት መደርደር ቀርቷል።

በግምት ከሆነ ለክሮክስ የሚያደላ ይመስለኛል። ከሩቅ የሚመታ ጥሩ ግራ እግር ያለው ማኒየን በዚህ ሕግ ምን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አይከብድም። ክፍተት ሲበዛ ደግሞ ፈጣንና ብዙ ተቀያሪ ያለው ይጠቀማል። በሌላ በኩል ሙሊናላክታም የራሳቸው መቺዎች ነበሯቸው፣ ሕጉን አውቀው ይዘጋጁበት ነበር። የ2018ን ጨዋታ በ2025 ሕግ መቁጠር ለመጠጥ ቤት ክርክር እንጂ ለሌላ አይሆንም።

ከአየርላንድ ውጭ የምንኖር ሰዎች የት ማየት ወይም መጫወት እንችላለን?

የክለብ ጨዋታዎችን አየርላንድ ውስጥ በብዛት የሚያስተላልፈው ቲጂ ፎር የሚባለው የአይሪሽ ቋንቋ ጣቢያ ነው። ቋንቋው ባይገባም ችግር የለውም፣ ባንዲራዎቹን አስታውሱ።

መጫወት ወይም ሜዳ ሄዶ ማየት ከፈለጋችሁ አይሪሾች በተሰደዱበት ሁሉ ክለብ አለ። ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ጌሊክ ፓርክ አለ፣ ዱባይ ውስጥ ዱባይ ኬልትስ የሚባል ክለብ አለ፣ በአውሮፓ ከተሞችም እንደዚሁ። የለንደን ሻምፒዮን ክለብ እንዲያውም በኮናክት ክፍለ ሀገር ውድድር ውስጥ ይገባል። የአይሪሽ ደም ያስፈልጋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ አያስፈልግም። ሰው ስለሚያንሳቸው ልምምድ ላይ የተገኘን ሁሉ ያሰልፋሉ።

ድንበሩ አጥቢያውን ከከፈለው፣ የጋውናና የሙሊናላክታ ክለቦች እርስ በርስ ይጫወታሉ?

በወዳጅነት ጨዋታ ካልሆነ በቀር እንዲህ በቀላሉ አይገናኙም። ጋውና የራሱ ክለብ አለው፣ የሚጫወተውም በካቫን ውድድር ነው። ደካማ ክለብም አይደለም፤ በ2022 የካቫን ሻምፒዮን ሆኗል። ካቫንን ሲያሸንፍ መንገዱ ወደ አልስተር ነው፣ የሙሊናላክታ መንገድ ደግሞ ወደ ሌንስተር።

በዋናው ውድድር ለመገናኘት ሁለቱም በአንድ ዓመት ካውንቲያቸውን ማሸነፍ አለባቸው፣ ከዚያ ሁለቱም ክፍለ ሀገራቸውን። ያን ጊዜ በመላ አየርላንድ ግማሽ ፍጻሜ ወይም ፍጻሜ ላይ አንድ አጥቢያ ከራሱ ጋር ይገጥማል። እስካሁን አልሆነም። ቄሱ ያን እሑድ ለማን እንደሚጸልዩ እነሱ ይወቁት።